ከዲላ እስከ ሞምባሳ፦ ለምግብና ለመኝታ ስንት ይዘን እንውጣ?



ፋይናል ሲቃረብ በየዶርሙ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ፦ «ዘንድሮ ክረምት ቦርሳችንን አዝለን ሞያሌን ብንሻገርስ?» ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዲላን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ናይሮቢ የሚደርስ፣ ካይሮን ከኬፕታውን እንዲያገናኝ የታሰበው ታላቅ መንገድ አካል ነው። በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ሞያሌ ይደርሳል። ከሞያሌ ወዲያ በማርሳቢት በኩል እስከ ኢሲዮሎ ያለው፣ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ያማርር የነበረው ጠጠር መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያም የሁለቱን አገር ሠራተኞች አንድ ቦታ አድርጓቸዋል። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ሳይሄዱ፣ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ ሌላ አገር አይቶ መመለስ ለእኛ ለዲላ ተማሪዎች ከብዙዎች ይልቅ የቀረበ ነገር ነው።

መንገዱ ቀርቧል፤ ስሌቱ ግን የሚሠራ የለም። አብዛኞቻችን «መሄጃውን እናግኝ እንጂ እዚያ አላህ ያውቃል» እንላለን። በአላህ መመካት ግመሉን አስሮ ነው ተብለን ተምረናል። ይህ ጽሑፍ ስለ ማሰሪያው ገመድ ነው፤ ማለትም ስለ ምግብና መኝታ ሒሳብ።

እኔን ያስተማረኝ ስልክ

በ2016 ክረምት እኔና አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህንኑ ጉዞ ጀመርን። ሒሳባችንን በግንቦት በአንድ ገጽ ደብተር ላይ ጽፈን ነበር፤ ሁሉንም በብር። ያኔ የባንክ ምንዛሪ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪው አሠራር ተለወጠና በነሐሴ ስንነሳ 1 ዶላር ከ100 ብር አልፎ ነበር። ደብተሩን ግን እንደ አዲስ አልሠራነውም፤ «ትንሽ ቆጠብ እንላለን» ብለን ተነሳን።

ናይሮቢ በጠዋት እንገባለን ብለን ነበር፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የገባነው ሌሊት ነው። የምናድርበትን አስቀድመን አላወቅንም። መናኸሪያው በር ላይ ያገኘን አንድ ሰው ቦርሳችንን ተቀብሎ መሐል ከተማ ወደሚገኝ አንድ ቤት ወሰደን። ዋጋው የተነገረን ክፍሉ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ለሦስት ሌሊት ያሰብነውን በአንድ ሌሊት ከፈልን። በማግስቱም ደክሞን ስለነበር እዚያው አደርን፤ እዚያው በላን። በአምስተኛው ቀን አልጋው ላይ ገንዘባችንን ዘርግተን ስንቆጥር የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ቀርቶናል። ሞምባሳን ተዉት፤ የቀሩትን ሁለት ቀናት የምንበላበት አልነበረም።

ጓደኛዬ አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ ይርጋጨፌ አካባቢ ቡና አምራች ናቸው። አልተቆጡም። «ስንት ይበቃችኋል ልጄ?» ብቻ አሉ። ከቡና አምራች ቤት የወጣችሁ ነሐሴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቡናው ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል፤ እስከ ጥቅምት የሚገባ የለም። አባቱ በዚያው ምሽት ወደ አንድ ነጋዴ ሄደው ገና ያልቀላውን ቡናቸውን በነሐሴ ዋጋ ተስማምተው ቀብድ ተቀበሉ።

ገንዘቡ እኛ ጋ ሳይደርስ አላህ ሌላ በር ከፈተልን። ኢስሊ ውስጥ ከዙሁር ሰላት በኋላ ያገኘን የአገራችን ሰው ሁለት ሌሊት አሳድሮ፣ አብልቶ ወደ ሞያሌ ሸኘን። ውሉ ግን ውል ነው፤ አይመለስም። ኅዳር ላይ እነሱ ቤት ሄጄ ለቀማ ስረዳ፣ ጎረቤት ቀይ ቡናውን በዕለቱ ዋጋ ሲሸጥ የጓደኛዬ አባት ግን በነሐሴው ዋጋ እየመዘኑ ያስረክቡ ነበር። ስለ ልዩነቱ ማንም ምንም አላለም። ጓደኛዬ ያን ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲለቅም ዋለ።

ስለዚህ «በጀት» ስንል ስለ እኛ ምቾት ብቻ አይደለም የምንናገረው። በሰው አገር የሚጎድለንን የሚሞላው ብዙ ጊዜ እቤት ያለ ሰው ነው፤ ክረምት ደግሞ እቤት ያለው ሰው ራሱ የሚጎድለው ወቅት ነው።

አንደኛ፦ የምትቆጥሩት በምታወጡበት ገንዘብ ይሁን

የመጀመሪያው ስህተታችን በብር መቁጠራችን ነው። ኬንያ ውስጥ የምትከፍሉት በሽልንግ ነው፤ ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የሚጻፈው ሽልንግ ይሁን። ከዚያ አጠቃላይ ድምሩን ብቻ ወደ ዶላርና ወደ ብር ለውጡት፤ ይህንንም በወጠናችሁበት ቀንና በምትነሱበት ሳምንት ሁለቴ አድርጉት። የሽልንጉም ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ 1 ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 130 ወረደ። ዶላር ይዞ ለሄደ ሰው ይህ ማለት ያው ዶላር ያነሰ ቻፓቲ ይገዛል ማለት ነው።

የውጭ ገንዘብ ለማግኘት ፓስፖርታችሁንና የጉዞ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ባንክ ጠይቁ። ከአገር ይዞ ስለሚወጣ ብርና የውጭ ገንዘብ ብሔራዊ ባንክ ገደብ አለው፤ ገደቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን መመሪያ እዚያው ባንክ አረጋግጡ። ያረጀ ወይም የተቀደደ ዶላር አትቀበሉ፤ እዚያም የሚቀበላችሁ አታገኙም። ሽልንግ ስትቀበሉም ባለ 1,000ውን ኖት አስተውሉ። የድሮው ኖት እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወራት ጀምሮ አይሠራም፤ አዲስ መጪ ያላወቀ መስሏቸው የሚሰጡ አይጠፉም።

ኬንያ ውስጥ ከትልቅ ሱቅ እስከ ጎዳና ላይ ምግብ ሻጭ የሚከፈለው በኤም-ፔሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው እዚያው ነው። እኛ አገር በ2015 መጨረሻ የገባው ኤም-ፔሳና የኬንያው ግን ለየብቻ ናቸው፤ ቴሌብር ላይ ያለ ብርም ናይሮቢ ምሳ አይገዛም። ከአንድ ሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ በፓስፖርታችሁ የኬንያ ሲም አውጡ። ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ ከማውጣት በቀጥታ በስልክ መክፈል ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ሌሊቶቹን ቁጠሩ

ሰው ጉዞ ሲያስብ የሚቆጥረው ቀን ነው፤ ለመኝታ ግን የሚቆጠረው ሌሊት ነው። አንድ የአሥር ሌሊት ጉዞ እንውሰድ። መጀመሪያው ሌሊት ሞያሌ፣ በእኛ በኩል፤ የሚከፈለው በብር ነው። ሁለተኛው ወደ ናይሮቢ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ። ሦስተኛውና አራተኛው ናይሮቢ። አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሞምባሳ። ስምንተኛው ተመልሶ ናይሮቢ። ዘጠነኛው አውቶቡስ ላይ። አሥረኛው ሞያሌ። ከአሥሩ ሌሊት በሽልንግ አልጋ የሚያስፈልጋችሁ ለስድስቱ ብቻ ነው።

በአውቶቡስ የሚያድሩበት ሌሊት የአልጋ ገንዘብ ያተርፋል፤ ግን ነጻ አይደለም። በማግስቱ የደከመ ሰው ከፊቱ ያገኘውን የመጀመሪያ ቤት ይይዛል፤ እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ ያዙ፦ አዲስ ከተማ የምትገቡበት የመጀመሪያ ሌሊት መኝታ ከመነሳታችሁ በፊት የታወቀ ይሁን። ስሙን፣ ሰፈሩንና ዋጋውን ጽፋችሁ ያዙ። የቀሩትን ሌሊቶች እዚያው አይታችሁ ማማረጥ ትችላላችሁ።

ቃሉንም እወቁ። በኬንያ «ሆቴሊ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምግብ ቤት ነው፤ አልጋ ብትጠይቁ ሻይ ያቀርቡላችኋል። አልጋ የሚከራየው «ሎጂንግ» ወይም «ጌስት ሃውስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ዋጋው በክፍል ነው ወይስ በሰው? ቁርስ አለው? ስንት ሰዓት ላይ ይለቀቃል? መያዣ ይከፈላል? ከለቀቅን በኋላ ቦርሳ ማስቀመጥ ይቻላል? ሁለት ሰው ሆኖ አንድ ክፍል መያዝ ከሁሉ ይቀንሳል። በጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ መያዝም አለ፤ የራሳችሁን ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ።

«ርካሽ» የሚለውን ቃል ብቻውን አትመኑት። አንድ ክፍል ለአንድ ሰው 800 ሽልንግ ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ 500 ቢሆን፣ ሁለተኛው የሚሻል ይመስላል። ግን ባለ 500ው ከከተማ ርቆ ለማታቱ በቀን 200 የሚያስጨምር ከሆነ፣ የመጀመሪያው የሚሰጠውን ቁርስም ውጭ በ150 የምትገዙ ከሆነ፣ 500 የነበረው 850 ሆነ። መኝታ ስታወዳድሩ ከአልጋው ዋጋ ጋር የመመላለሻውንና የቁርሱን ደምሩ።

ዘመድ ወይም የአገር ሰው ጋ ማደርስ? ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን በጀት ላይ «ነጻ» ብላችሁ አትጻፉት። የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ አስተናጋጁን እስኪያስቸግሩ መቆየት እንደማይገባ ተምረናል። ናይሮቢ የሚኖር ወገናችን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው። ከገበያ አትክልትና ፍራፍሬ ይዞ መግባት፣ ሻይ ማፍላት፣ በሦስተኛው ቀን አመስግኖ መውጣት የእኛ ድርሻ ነው። መስጂድም እንደ ማደሪያ አይታሰብ፤ ብዙዎቹ ከዒሻእ በኋላ ይዘጋሉ።

ለእህቶች አንድ ነገር ልጨምር። አብሯችሁ የሚሄደው መሕረም ወይም ቤተሰብ የሚይዘው አልጋና ምግብ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። እንዲሁም ከዋናው መንገድ ብዙም ያልራቀ፣ ማታ መግቢያው የሚበራ ቤት ለመያዝ የሚጨመረውን ልዩነት እንደ ቅንጦት አትዩት፤ ወጪው የመኝታ ዋጋ አካል ነው።

ሦስተኛ፦ ምግብን በሦስት ክፈሉት

ዶርም ኖሮ ካፌ የሚበላ ተማሪ ምግብ በቀን ስንት እንደሚያስወጣ አያውቅም። ነን-ካፌ የሆኑት ወንድሞቻችን ግን ያውቁታል፤ የወሩን ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት የጨረሰ ሰው የቀሩትን ሳምንታት ምን እንደሚመስሉ ጠይቋቸው። በጉዞም ያው ነው። የምግብን ገንዘብ በቀን፣ የቀኑን ደግሞ በቁርስ፣ በምሳና በእራት ክፈሉት።

የኬንያ ርካሽ ምግብ ጠጋቢ ነው። «ኪባንዳ» የሚባሉት የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ቻፓቲ በባቄላ ወጥ፣ ጊተሪ የሚባለውን የበቆሎና የባቄላ ቅቅል፣ ኡጋሊ በጎመን ያቀርባሉ። ጎመኑ «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋ» እንደማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ የሚያሻግር ምግብ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ለእኛም የሚስማማ ስም ነው። ባሕር ዳርቻው ላይ ደግሞ ጠዋት ማሐምሪ የሚባለውን ጣፋጭ ብስኩት በኮኮናት ከተሠራ የእርግብ አተር ወጥ ጋር ይበላሉ። ፒላውና ቢሪያኒ ለአንድ ቀን ምሳ ይሁንላችሁ፤ በየቀኑ ግን ኪስ ይጎዳል።

ሐላል በተመለከተ በሰሜን ኬንያ በኩል፣ ማለትም በሞያሌ፣ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ፣ እንዲሁም በሞምባሳ ሙስሊም ብዙ ስለሆነ አትቸገሩም። ናይሮቢ ላይ ኢስሊና በመሐል ከተማ ያለው የጃሚያ መስጂድ አካባቢ ይመረጣሉ። በሌሎች ሰፈሮች የተጠበሰ ሥጋ በየመንገዱ ቢሸትታችሁም ጠይቁ፤ ካልተረጋገጠ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ቻፓቲ አለ። ይህ በአጋጣሚ ርካሹም ምግብ ነው። «ቢላ ኛማ» ማለት ያለ ሥጋ ነው፤ «ቤይ ጋኒ?» ደግሞ ዋጋው ስንት ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት «ቤይ ጋኒ?» በሉ፤ ከበሉ በኋላ የሚጠየቅ ዋጋ መከራከሪያ የለውም።

አንድ የምናውቀው ወጥመድ እንጀራ ነው። በሦስተኛው ቀን ይናፍቃል። ኢስሊ ውስጥ የአገራችን ምግብ ቤቶች አሉ፤ ግን ጤፍ ከሩቅ የሚሄድ እህል ነው፤ ከአገሬው ምግብ ይወደዳል። አንድ ቀን መድቡለት፤ ለምሳሌ ከሞምባሳ የምትመለሱበትን ቀን።

ከቤት ስለሚያዝ ስንቅም እናስብ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም። ቆጮ ተጋግሮ ለመጀመሪያው ቀን ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱን አይችለውም። ቁርስ በቀን 120 ሽልንግ ቢሆንና ስምንቱንም ቀን በሶ በስኳር በጥብጣችሁ ብትጠጡ 960 ሽልንግ ታተርፋላችሁ፤ ከአንድ ሌሊት አልጋ በላይ ማለት ነው። ነገር ግን በፌስታል ቋጥራችሁ አትሂዱ። ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታልን ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት። ውሃም ለሁለት ሰው ትልቁን ጠርሙስ መግዛት ሁለት ትንንሽ ከመግዛት ይቀንሳል፤ የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አትጠጡ፤ ሆድ ከታመመ የሐኪሙ ወጪ የሁለት ቀን ምግብ ይበላል።

አራተኛ፦ ሙሉው ስሌት ሲደመር

አሁን ከላይ ያለውን የአሥር ሌሊት ጉዞ ለአንድ ሰው እንደምር። ከባቡሩ በስተቀር የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተያዙ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እናንተ በምትሄዱበት ጊዜ ጠይቃችሁ የራሳችሁን ትተኩበታላችሁ። የናይሮቢና የሞምባሳ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የኢኮኖሚ ክፍል ትኬት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ 1,000 የነበረው 1,500 ሽልንግ ሆኗል። ሁለቱም ጣቢያዎች ከከተማው መሐል ውጭ ስለሆኑ መድረሻውንም አስቡ።

መኝታ፦ ባለሁለት አልጋ ክፍል 1,600 ብንይዝ ለአንድ ሰው 800፤ በ6 ሌሊት 4,800።
ምግብ፦ ቁርስ 120፣ ምሳ 280፣ እራት 220፣ ውሃ 80፤ በቀን 700፤ በ8 ቀን 5,600።
ባቡር፦ ደርሶ መልስ 3,000።
አውቶቡስ ከሞያሌ ናይሮቢ፦ አንዱን መንገድ 3,000 ብንይዝ ደርሶ መልስ 6,000።
የከተማ ውስጥ መመላለሻ፦ በቀን 250፤ በ6 ቀን 1,500።
ሲም፣ መግቢያ ትኬትና ልዩ ልዩ፦ 1,600።

ድምሩ 22,500 ሽልንግ ነው። ከዚህ ውስጥ መኝታና ምግብ ብቻ 10,400፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ትራንስፖርት ቋሚ ነው፤ ልትቀንሱት አትችሉም። ልትቀንሱም ልታባክኑም የምትችሉት ይህንን ግማሽ ነው፤ ትኩረታችንም እዚህ ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ለመጠባበቂያ ጨምሩ፤ 4,500። ጠቅላላ 27,000 ሽልንግ። ዶላሩ 129 ሽልንግ ቢሆን ወደ 210 ዶላር ይመጣል። ከዲላ ሞያሌ ያለውን ትራንስፖርትና የሞያሌን ሁለት ሌሊት ደግሞ በብር ለብቻው ያዙ። ይህን ያህል ካልሞላ ጉዞውን አሳጥሩት እንጂ መጠባበቂያውን አትንኩት። ሞምባሳን ትቶ ናይሮቢ ደርሶ መመለስ፣ ወይም ማርሳቢት ድረስ ሄዶ መመለስም ጉዞ ነው።

ለሙዚየምና ለታሪካዊ ቦታዎች የመግቢያ ዋጋ ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ይለያያል፤ የተማሪ መታወቂያችሁን ያዙና የተማሪ ዋጋ ካለ ጠይቁ። በ2016 መጀመሪያ ዓመቱ እንደጠባ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ እንደተመዘገበው ሁሉ፣ ማሊንዲ አጠገብ ያለችው ጥንታዊቷ የሙስሊሞች ከተማ ጌዲም በ2024 ተመዝግባለች፤ የሞምባሳው ፎርት ጂሰስ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ። ከሁሉም ሁለት መርጣችሁ ግቡ።

አምስተኛ፦ ሦስት ኪስ

ገንዘቡን ከተነሳችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ቦታ ለዩ። የመጀመሪያው የመመለሻ ነው፦ ከምትገኙበት እስከ ዲላ የሚያደርሳችሁና መጠባበቂያው። ልብስ ውስጥ ሰፍታችሁ ያዙት፤ ለምግብም ለመኝታም አይነካም። ሁለተኛው የመኝታ ነው፦ በሌሊት ቁጥር ተከፍሎ የተቀመጠ። ሦስተኛው የዕለት ኪስ ነው፦ ጠዋት የቀኑን ምግብና መመላለሻ ብቻ ታስገቡበታላችሁ። ማታ የተረፈውን ቁጠሩና ጻፉ። ዛሬ 100 ካለፈባችሁ ነገ 100 ቀንሱ። በአምስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ማታ ብንቆጥር ኖሮ የጓደኛዬ አባት ወደ ነጋዴው ባልሄዱ ነበር።

የመመለሻው ኪስ ከምቾት በላይ የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። የሞያሌ መንገድ ከደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱበት መንገድም ነው። ገንዘብ የሌለው፣ መመለሻ የሌለው ወጣት መንገድ ላይ ሲገኝ ማንም እንደ ተማሪ ጎብኚ አያየውም፤ ደላላ ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። «በርካሽ አሳልፋለሁ፣ ማደሪያም አለ» የሚላችሁን አትከተሉ። ፓስፖርታችሁ ላይ በሁለቱም በኩል ማኅተም ይመታ፤ የተፈቀደላችሁን የቀን ብዛት አንብቡ፤ ቅጂውን ለየብቻ ያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ፤ አንዴ የተከተቡት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮችና ከሞያሌ ልጆች ጠይቁ፤ በቀን ተጓዙ።

ሰዓት ላይም ትንሽ ማስታወሻ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ጠዋቱን ከአንድ ሰዓት ይጀምራሉ፤ «ሳ ታቱ» ቢሏችሁ ልክ እንደ እኛ ሦስት ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ባቡር ያመልጠዋል፤ ያመለጠ ባቡር ያልታሰበ አንድ ሌሊት አልጋ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ልምምድ

ኢብኑ በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 በዚሁ የባሕር ዳርቻ አልፏል። ሞቃዲሾ ሲደርስ የአገሩ ልማድ የተማረ እንግዳን ተቀብሎ ማብላት ስለነበር አልጋና ምግብ አላሳሰበውም። ሞምባሳንም አይቶ ስለ ሙዙና ስለ ዓሣዋ፣ ከእንጨት ስለተሠሩ መስጂዶቿ ጽፏል። እኛ ግን የሚጠብቀን ቃዲ የለም፤ የሚጠብቀን «ቤይ ጋኒ?» ነው።

ስለዚህ ከድንበሩ በፊት እዚሁ ተለማመዱ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወናጎ ወርዳችሁ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች እዩ፣ ይርጋጨፌ እደሩ፣ ተመለሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ለምግብ፣ ለመኝታና ለትራንስፖርት የምታወጡትን ገምታችሁ ጻፉ። ስትመለሱ ያወጣችሁትን ከጎኑ ጻፉ። በሁለት ቀን ግምታችሁን በምን ያህል እንደምታልፉ ታያላችሁ። የዚያን ያህል እጅ በኬንያው በጀት ላይ ጨምሩ። የራስን እጅ የማወቅ ያህል ጥሩ መምህር የለም።

በመጨረሻም፦ የሄዳችሁ ወንድሞችና እህቶች ስትመለሱ የከፈላችሁትን ትክክለኛ ዋጋ፣ ያደራችሁበትን ሰፈርና የበላችሁበትን ቦታ ቀኑን ጠቅሳችሁ ለጀማዓው ጽፋችሁ ስጡ። በዓመቱ የሚሄድ ተማሪ ከእናንተ ዋጋ ይነሳል። ጓደኛዬ ዘንድሮ እንደገና ሊሄድ አስቧል፤ ደብተሩን አሳይቶኛል። በሽልንግ ነው የተጻፈው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው «መመለሻ» ነው። አባቱም የሚያውቁት እንዲያ ብቻ ነው፤ ነሐሴ ላይ ስልክ እንደማይደወል።

ሙሳፊር ሁሉ በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።